ማን ሞቶ ነው?

የዜና አጻጻፍ ኮርስ ስንጀምር መምህራችን ሰሌዳው ላይ ስድስት ቃላት ጻፉልን። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። "እነዚህን ያልመለሰ ጽሑፍ ዜና አይባልም" አሉን። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩባቸው። ያን ጊዜ ስድስቱም እኩል የሚመለሱ ይመስለኝ ነበር።

እስኪ እንደተማርነው ልሞክረው። ሽሮ ሜዳ በሽመና ሥራ ይተዳደር የነበረው አባቴ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ዓ.ም ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል፣ በደም ግፊት ሳቢያ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ፣ በተወሰደበት ሆስፒታል በ54 ዓመቱ ዐረፈ። አለቀ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ተመለሱ። ምናልባት ጥሩ ማርክም ያሰጠኝ ይሆናል። "ለምን" የሚለው ግን ይኸው ዓመት አለፈው፣ አልተመለሰም። በጣም ቀላል የመሰለኝ "ማን" የሚለውንም ቢሆን በትክክል እንዳልመለስኩት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይህን የምጽፈው በዲፓርትመንታችን ውስጥ እንደ እኔ ሐዘን የደረሰባችሁ ልጆች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ሰባኪ አይደለሁም፤ የማወራው የራሴን ብቻ ነው።

አባቴ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ፣ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። እንደ ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሙያውን የወረሰው ከአባቱ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የሽመና ዕቃው ነበር። እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ሲቀመጥና መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የእኔ ሥራ ማግ በቀሰም ላይ ማጠንጠን ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን አስቀምጬ መጀመሪያ የምይዘው ያንን ነው። ኮሌጅ የገባሁት በዚያ ክር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከማረፉ በፊት በነበረው እሑድ፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ሆሣዕና ነበር። ከእሱና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባዬ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ዘንባባውን በቀጫጭኑ ሰነጣጥቆ ለሁለታችንም ቀለበት ሠራልን። ጣቶቹ ክር የለመዱ ስለሆኑ የእሱ ቀለበት ከሰው ሁሉ ያምራል፤ ጎረቤቶቻችንም "ለእኛም ሥራልን" እያሉ ያስቸግሩት ነበር።

ቅዳሴው አለቀ ብዬ ለመውጣት ስዘጋጅ ካህናቱ በሐዘን ዜማ ሌላ ጸሎት ጀመሩ። የፍትሐት ጸሎት ነበር። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ አስከሬን የለም፣ የሚያለቅስ ሰው የለም። ጠጋ ብዬ፣

"አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው?" አልኩት።

"ገና ነው" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ቁሚ፣ ይሄ የሁላችንም ነው።"

ነገሩ አልገባኝም። እግሬ ዝሎ ነበር፣ ጾም ስለሆነም ርቦኛል። ቀስ ብዬ ወጣሁና አጥሩ ሥር ተቀምጬ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። እሱ ከወንድሜ ጋር እስከ መጨረሻው ቆሞ ከብዙ ሰው ኋላ ወጣ። አልተቆጣኝም። "ደከመሽ አይደል?" ብቻ ነው ያለኝ።

ማክሰኞ ማታ ሆነ። የፋሲካ ሰሞን ለሸማኔ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ነው፤ ሰው ለበዓል አዲስ ነጠላና ቀሚስ ይፈልጋል። አባዬ እስከ ሐሙስ የሚያስረክበው ሥራ ነበረበት። "ማግ አልቆብኛል፣ ትንሽ አጠንጥኚልኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ አሳይንመንት ይዤ ነበር። "አባዬ፣ ዛሬ አልችልም፣ ነገ ላስረክብ ነው" አልኩት። ውሸቴን ነበር። ማግስቱ የዓለም ሠራተኞች ቀን ስለሆነ ትምህርት ዝግ ነው። ማስረከቢያውም ሰኞ ነበር። ስልችት ብሎኝ ነው እንጂ እችል ነበር። እሱ ምንም ሳይል ራሱ ተቀምጦ አጠነጠነ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። እንቅልፍ የወሰደኝ የመወርወሪያውን ድምፅ እየሰማሁ ነው። የነቃሁት በእማዬ ጩኸት ነው።

ዕለቱ ሚያዝያ 23፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል የሚታሰብበት ቀን ነው። ጎረቤቶቻችን "በጊዮርጊስ ዕለት ሄደ፣ ደጉ ሰው" እያሉ ሊያጽናኑን ይሞክሩ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ "ሠራተኛው በሠራተኞች ቀን ሞተ" እላለሁ። እንዲህ ያለውን አርእስት ዜና ላይ ብናገኘው ጥሩ ነው እንል ይሆናል። በራስ ቤት ሲሆን ግን መራራ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ቀበርነው። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ፍትሐት አልተደረገም። በሌላ ጊዜ ሰው ሲሞት ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ጥና ይዘው፣ እያዜሙ ነው የሚሸኙት። አባዬ ግን ያለዚያ ሁሉ አፈር ገባ። ይህ ነገር ከሞቱ በላይ አንጀቴን በላው። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን የክርስትና ልብስ፣ የሰውን የሰርግ ልብስ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ለራሱ መሸኛ ዜማ እንኳን አጣ? እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብን መሰለኝ።

ለቅሶ ቤቱም እንደ ሌላ ለቅሶ ቤት አልነበረም። ዕድራችን ድንኳኑን ተከለ፣ አግዳሚዎቹና ዕቃው መጡ፤ ሰው ግን በሕማማት ተሳስሞ ሰላም አይባባልም። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ መስጠቱን ለማሰብ የተሠራ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የሚመጣው ሁሉ አንገቴን ሳያቅፈኝ፣ ሳይስመኝ፣ ከሩቅ እጅ ነስቶ ይቀመጣል። እማዬ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አድርጋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላውን የሠራላት እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት ለለቅሶተኛው ንፍሮ ቀረበ፣ ጎረቤት ደግሞ የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን ይዞ መጣ፤ የትኛው ለሐዘን እንደሆነ የትኛው ለበዓል እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሰልስቱ ከስቅለት ጋር ገጠመ። እሑድ ሌሊት ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ለትንሣኤ ሲሄድ እኔ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። ጠዋት ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። ክርስቶስ ተነሣ ይላሉ፤ አባዬ ግን አልተነሣም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት ሃይማኖት የሚባል ነገር ለሌሎች ሰዎች የተሠራ መሰለኝ።

የክፍሌ ልጆች የመጡት ሐሙስ ነበር። በሚኒባስ ተሳፍረው፣ ያዋጡትን ብር በፖስታ አድርገው መጡ። የሚናገሩት ጠፍቷቸው ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ሲሄዱም "አይዞሽ" ከማለት ሌላ አልጨመሩም። ያኔ አላመሰገንኳቸውም፤ አሁን ላመስግናቸው። በኋላ መጽሐፈ ኢዮብን ሳነብ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእሱ ጋር መሬት ላይ መቀመጣቸውን አየሁ። ወዳጆቹ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። ልክ እንደዚያው አንዲት የሩቅ ዘመዳችን "ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም፣ እግዚአብሔር ይቆጣል" ብለውኝ ነበር። ለቅሶዬን ዋጥኩት፤ ንዴቴ ግን እጥፍ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። እማዬ ምንም አላለችኝም። በሦስተኛው ሳምንት ግን የነፍስ አባታችን ራሳቸው ቤት መጡ። እማዬ ቡና ልታፈላ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እሳቸው የሽመና ዕቃውን እያዩ ነበር። ያላለቀው ነጠላ እስከዚያ ድረስ ድሩ ላይ ነው።

"አባ፣ አባቴ ያለ ፍትሐት ለምን ተቀበረ?" አልኳቸው። ድምፄ ጥሩ አልነበረም።

"ያለ ፍትሐት አልተቀበረም እኮ ልጄ" አሉ። "በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ በሆሣዕና አስቀድሞ ይደረጋል። ማን እንደሆነ እኛ አናውቅም፣ እሱ ያውቃል። አባትሽ የራሱን ፍትሐት በእግሩ ቆሞ የሰማ ሰው ነው። ይሄንን ስንቱ ያገኘዋል?"

"ገና ነው" ያለኝ ትዝ አለኝ። አባዬ ሥርዓቱን ያውቅ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። "እኔ ግን አልሰማሁም" አልኳቸው። "ደክሞኝ ወጥቼ ነበር፣ ስልኬን ስነካካ ነበር።" አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ሁሉንም ተናገርኩ። ማክሰኞ ማታ ያልኩትን ውሸት፣ ማጉን፣ ብቻውን ሲያጠነጥን ያየሁትን። "እኔ ባግዘው ኖሮ ቀደም ብሎ ይተኛ ነበር፣ ባልሞተም ነበር" አልኩ።

ወዲያው "አንቺ ምን አጠፋሽ" ይሉኛል ብዬ ነበር። አላሉም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "ከስንት ዓመትሽ ጀምሮ ነው ያጠነጠንሽለት?" ብለው ጠየቁኝ።

"ከሰባት።"

"አሁን ስንት ነሽ?"

"ሃያ።"

"ታዲያ አባትሽ ከእነዚያ ሁሉ ቀናት የቱን ይዞ የሄደ ይመስልሻል?"

መልስ አልነበረኝም። ውሸቱን ግን ጥፋት አይደለም አላሉኝም፤ እንደ ንስሐ ተቀብለውኝ "እስከ አርባው ድረስ ጠዋት ጠዋት ስሙን እየጠራሽ ጸልይለት፤ በክርስትና ስሙ" አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው "የክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ?" አሉ።

አላውቀውም ነበር። ጋዜጠኛ ልሆን የምማረው ልጅ፣ "ማን" የሚለውን በቀይ ያሰመርኩት ልጅ፣ አባቴ በእግዚአብሔር ፊት በምን ስም እንደሚጠራ አላውቅም። እማዬን ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የጸሎት ነውና ለእኔ ይቅርልኝ።

ለቅሶንም ጠየቅኋቸው። "ክርስቲያን አያለቅስም እንዴ?" አልኳቸው። ሳቁ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን አንብቢ አሉኝ። ያን ማታ አነበብኩት። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ፣ እህቱ ስታለቅስ ሲያይ እሱም አለቀሰ። ይህን ታሪክ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ ግን አስቤው አላውቅም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚነሣ ከሆነ ለምን ይለቀሳል? እኔ እንደገባኝ፣ ሞት በትንሣኤ ቢሸነፍም እስኪሸነፍ ድረስ ያማል። ማልቀስ የእምነት ጉድለት ቢሆን ኖሮ እሱ ባላደረገው ነበር። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ አለ እንጂ ፈጽሞ አትዘኑ አላለም። ያን ሌሊት ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ አለቀስኩ። ከዚያም ተኛሁ።

አርባው ሰኔ 2 ቀን እሑድ ዋለ። ቅዳሴ ተቀድሶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ዝክሩ ተደርጎ ሰዉ ከሄደ በኋላ ሦስታችን ብቻችንን ተቀመጥን። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ የማጉን ነገር ለእማዬና ለወንድሜ ነገርኳቸው። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንሽ ቆየችና "እኔ እኮ ነኝ" አለች። የግፊት ኪኒኑን ካቆመ ሁለት ወር ሆኖት ነበር አለች፤ "ከበዓሉ ገበያ በኋላ እገዛለሁ" ሲላት ዝም ማለቷ ሌሊት ሌሊት ያቃጥላት ነበር። ወንድሜ 12 ዓመቱ ነው። እሱ ደግሞ እያለቀሰ "አይደለም፣ እኔ ነኝ። ለፋሲካ ጫማ ግዛልኝ ብዬው ነው ሌሊት የሚሠራው" አለ። አርባ ቀን ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስታችንም አባዬን የገደልነው እኛ መስሎን ለየብቻ ተኝተናል። ያንን ስናውቅ መጀመሪያ አለቀስን፣ ከዚያ እማዬ "እሱ ቢሰማን 'ሦስት ሆናችሁ ነው እንዴ የገደላችሁኝ' ይለን ነበር" ስትል ሳቅን። ከሞተ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሲሳቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

መጽናናት ስል እንግዲህ ይህንን ነው። ሐዘኑ አልሄደም። አሁንም ከኮሌጅ ስመለስ በሽሮ ሜዳ መንገድ የመወርወሪያ ድምፅ ስሰማ እግሬ ይቆማል። ያላለቀውን ነጠላ የአባዬ ጓደኛ ጨርሶ ለደንበኛዋ አስረከበ፤ ብሩንም ሳይነካ ለእማዬ ሰጣት። ጉድጓዱ ዛሬ በጣውላ ተሸፍኖ የወንድሜ ማጥኛ ቦታ ሆኗል። "ለምን" የሚለውን ጥያቄም እምነቴ አልመለሰልኝም። ኢዮብም እኮ እስከ መጨረሻው ምክንያቱ አልተነገረውም፤ እግዚአብሔር ግን መጥቶ አናገረው። ቢያንስ የሚያናግረው አጥቶ አልቀረም። እኔም ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ጠዋት ጠዋት የምጠራው ስም አለ፣ ስሙን የሚሰማ አለ፤ ያ ጸሎት አባዬ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ሲጸለይ እሱ እዚያው ቆሞ ነበር። እኛ ሳናውቅ አስቀድሞ የታሰበልን ነገር አለ ማለት ነው። ለእኔ ይሄ በቂ ሆኖ ባያውቅም ሊያሳድረኝ ችሏል።

በቀጣዩ ዓመት ሆሣዕና ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም ዋለ። እማዬን፣ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ቀለበት የሚሠራልን ሰው ስለሌለ እኔ ሞከርኩ፤ የወንድሜ ወዲያው ተፈታ፣ የእኔ ትንሽ ቆየ። ከቅዳሴው በኋላ ካህናቱ ያንን ጸሎት ጀመሩ። አንዳንድ ልጆች ሲወጡ አየሁ፣ አልፈረድኩባቸውም። እኔ ግን እግሬ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። ዙሪያዬን የቆሙትን ሰዎች አየኋቸው፤ ዘንባባ በግንባራቸው ያሰሩ አሮጊቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ የሰፈራችን ወጣቶች። ከእነዚህ መካከል በዚህ ሳምንት የሚሄድ ሊኖር ይችላል፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። አባዬ "የሁላችንም ነው" ያለኝ ይሄንን ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ ባለፈው ዓመት ያልሰማሁትን ሰማሁት ብዬ አሰብኩ።

የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ከመካከላችሁ ሐዘን ላይ ያለ ካለ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ የደበቃችሁት ጥፋት ካለ ለቤተሰባችሁ ተናገሩት፤ ምናልባት እነሱም ደብቀው ይሆናል። ሁለተኛ፣ ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ወይም ስልክ ስትደውሉ የክርስትና ስማቸውን ጠይቋቸው፤ ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነም እናንተ የማታውቁትን አንድ ነገር ጠይቋቸው። "ማን" የሚለው ጥያቄ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። እኔ ሳላውቀው ዘግይቼበታለሁ፤ እናንተ ገና ጊዜ አላችሁ።